የሐርጌሳን ጎዳናዎች የሞሉት መኪኖች መሥራች ኪይቺሮ ቶዮዳ ማን ነበር?

ከአወዳይና ከጅግጅጋ ተነስተው በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር የሚሻገሩት ጫት ጫኝ መኪኖች ሐርጌሳ የሚገቡት እየበረሩ ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ከጠወለገ ገዢ የለውም። ስለዚህ ሾፌሩ ከአንድ መኪና ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን ይፈልጋል፤ ጭነቱን እንደያዘ ዳገቱን ሳይለግም እንዲወጣለት፣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንዲከንፍለት።

በሁለቱ ፍላጎቶች መካከል የሚዳኘው ሞተሩ ብቻ አይደለም። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል፣ ዘይትና አቧራ የለበሰ ድቡልቡል ብረት አለ፤ ዲፈረንሻል ይባላል። በውስጡ ፒኞን የምትባለው ትንሿ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ጥርስ ታዞራለች። ኮሮናው 41፣ ፒኞኗ 11 ጥርስ ካላቸው ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ዘንግ 3.7 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። በ43 እና በ10 ሲተኩ ምጣኔው 4.3 ይሆናል። ያን ጊዜ ሞተሩ ሳይነካ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይስፈነጠራል፣ ዳገትም ይደፍራል። ዋጋው ግን ወዲያው ይከፈላል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሲነዳ ሞተሩ በዚያው መጠን አብዝቶ ይሽከረከራል፤ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ከፍተኛው ፍጥነትም ላይ ቶሎ ይደርስና ከዚያ አልፎ አይሄድም።

ፈጣን መኪና የሚወዱ ሰዎች ይህን ጥርስ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ ፈትቶ መግጠም ይመስላል። ኮሮናና ፒኞን ግን ከፋብሪካ ጀምሮ ተጣምረው ስለሚወጡ አንዱን ለብቻው መተካት አይቻልም። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚተወው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ ይዞራል፤ ንክኪው መሃሉ ላይ ካላረፈ ተፈትቶ እንደገና ይስተካከላል። ይህን የዘለለ መካኒክ ሥራው መንገድ ላይ እያላዘነ ያጋልጠዋል። ባለአራት ጎማ መኪና ከሆነ ደግሞ የፊቱም ጥርስ በተመሳሳይ ምጣኔ መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ የፊትና የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ሲጓተቱ አንዱ ይሰበራል።

በሐርጌሳ እንዲህ የሚፈታው ዲፈረንሻል አብዛኛውን ጊዜ የቶዮታ ነው። የመኪናው ስም የመጣበት ሰው ታሪክም ከዚሁ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ኪይቺሮ ቶዮዳ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የጭነት መኪና ስሙን ያጎደፈበት በኋላ አክስሉ ነበር።

የሸማኔ ማሽን ልጅ

ኪይቺሮ በአውሮፓውያኑ ሰኔ 11 ቀን 1894 በጃፓን ሺዙኦካ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ነበር፤ ቀንም ሌሊትም ከፈጠራው ጋር የሚኖር፣ ቤቱን የሚረሳ ሰው። እናቱ ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ቤቱን ትታ ሄደች። ኪይቺሮ በአያቶቹ እጅ አደገ። ዝምተኛና ጤናው ደካማ ልጅ ነበር።

በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ በ1920 ተመረቀና ወደ አባቱ ፋብሪካ ገባ። አባትና ልጅ አብረው የደከሙበት አውቶማቲክ የሽመና ማሽን በ1924 ተጠናቀቀ። ሥራ ሳይቋረጥ ክር ይቀይራል፤ ክር ሲበጠስ ደግሞ ራሱን ያቆማል። የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ በ1929 የማሽኑን መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። ይህ ገንዘብ ቶዮታን እንደወለደ ደጋግሞ ይነገራል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን መኪና መሥራት የበላው ገንዘብ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነበር።

ኪይቺሮ ለዚሁ ውል ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ያየው ግን ሽመናን ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ጎዳናዎች በመኪና ተሞልተው ነበር። አገሩ ጃፓን ደግሞ ከ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መኪና ቢያስፈልጋትም የምትነዳው የባዕድ መኪና ነበር። ፎርድ በ1925 በዮኮሃማ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በኦሳካ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፍተው ገበያውን ይዘውታል። ሳኪቺ በጥቅምት 1930 አረፈ። ልጁ በሽመናው ድርጅት ማዕዘን ላይ ትንሽ ሞተር መሞካከር ጀመረ።

በመስከረም 1933 የሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል በይፋ ተቋቋመ። ኪይቺሮ አንድ ሸቭሮሌ አስገዝቶ እስከ መጨረሻው ብሎን አስፈታው። እያንዳንዱ ዕቃ ተለካ፣ ተሳለ፣ ብረቱ ተመረመረ። በቤተሰቡም በድርጅቱም ውስጥ እብደት ነው ያሉ ነበሩ። ሥጋታቸው መሠረት አልነበረውም ለማለት ያስቸግራል፤ የጃፓን ታላላቅ ባለሀብቶች እንኳ ከፎርድ ጋር መፎካከሩን ሸሽተውት ነበር።

የተፈታ መኪና መሳል አንድ ነገር ነው። መሥራት ሌላ። የሞተሩ ብሎክ በቅርጽ ሲፈስ እየተሰነጠቀ ብዙ ብረት ባከነ። ለመኪና የሚሆን ብረት አገር ውስጥ እንደልብ ስላልነበረ ኪይቺሮ የራሱን የብረት ማቅለጫ አሠራ። የኋላ አክስሉ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። ጠመዝማዛ ጥርስ ያላቸውን ኮሮናና ፒኞን ለመቁረጥ ልዩ ማሽን ያስፈልጋል፤ የዚህ ጥበብ ፊታውራሪ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው ግሊሰን ሲሆን ጠመዝማዛ ጥርስ የሚቆርጠውን ማሽን ያወጣው በ1913 ነው። የሽመና ማሽን የሚያውቅ ሠራተኛ ይህን ሁሉ በሁለት ዓመት መልመድ ነበረበት።

ኤ የተባለው ሞተር በ1934 መገባደጃ ላይ ተነሳ። ባለስድስት ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር፣ ከሸቭሮሌው የተቀዳ ነበር። በግንቦት 1935 የመጀመሪያዋ የቤት መኪና ለሙከራ ተሠራች። ጦሩና መንግሥት የሚፈልጉት ግን የጭነት መኪና ስለነበር ኪይቺሮ ሐሳቡን አጠፈ። ጂ1 የተባለው የጭነት መኪና በነሐሴ ተጠናቀቀ፤ ኅዳር 21 ቀን 1935 በቶኪዮ ለሕዝብ ታየ። ወደ ትርኢቱ ሲነዳ እንኳ የመሪው ክፍል መንገድ ላይ ተሰብሮ ሌሊቱን ሲጠግኑት ነው ያደሩት።

የተሰበረው አክስል

ጂ1 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከፎርድና ከሸቭሮሌ ጋር እንዲወዳደር ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ድርጅቱ ከእያንዳንዱ መኪና ይከስራል። ገዢዎቹ ግን ርካሽ ዋጋ መንገድ ላይ ከመቆም አላዳናቸውም። ስሙን ካጠፉት ብልሽቶች ዋናው የኋላ አክስሉ ቤት መሰበር ነበር።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሸክሙን ማሰብ ይበቃል። የአክስል ቤት የጭነቱን ክብደት ይሸከማል። የጭነት መኪና ዳገት እንዲወጣ የጥርሱ ምጣኔ ከፍ ይደረጋል፤ ምጣኔው ጉልበቱን ባበዛ ቁጥር ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ያህል ወደ ኋላ የሚጠመዝዝ ኃይል ያንኑ ቤት ያገኘዋል። በዚህ ላይ ያልተነጠፈ መንገድና ከልክ ያለፈ ጭነት ይጨመራል። ብረቱ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ስንጥቅ ካለች ከዚያ ትጀምራለች። ፎርድና ሸቭሮሌ ይህን ለማወቅ ዓመታት ወስደዋል፤ ኪይቺሮ የተማረው በደንበኞቹ መኪና ላይ ነው። የውርደቱ መጠን ቀላል አልነበረም። ጋዜጦች ተሳለቁበት።

መልሱ ዝና ያተረፈለትን ጠባይ ያሳያል። መኪኖቹ በመጀመሪያ የተሸጡት በፋብሪካው አቅራቢያ ለሚገኙ ደንበኞች ነበር፤ ሲቆሙ መካኒክ ወዲያው እንዲደርስ። የተሰበረው በነፃ ይቀየራል። ኪይቺሮ ራሱ ከተሰበረው መኪና ሥር ይገባ ነበር። እጁ በዘይት ያልቆሸሸ መሐንዲስ አያምንም ነበር ይባላል። እያንዳንዱ ስብራት ወደ ንድፍ ክፍል ይመለስና ብረቱ ይወፍራል፣ ቅርጹ ይቀየራል። በ1936 የተሻሻለው ጂኤ የተባለው መኪና ጂ1ን ተካ።

በዚያው ዓመት የድርጅቱ መለያ እንዲወጣ ውድድር ተደርጎ ቶዮዳ የሚለው ስም ቶዮታ ተባለ። በጃፓንኛ ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስላለው መልካም ዕድል ያመጣል ተብሎ ነበር። ቶዮታ ሞተር በነሐሴ 1937 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ግን የእህቱ ባል ሪሳቡሮ ነበር፤ ኪይቺሮ ወንበሩን የያዘው በ1941 ነው። በ1938 በኮሮሞ በተከፈተው ፋብሪካ ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው መጠን ብቻ እንዲቀርብ ያሰበው ሐሳብ በኋላ ዓለም የሚቀዳው አሠራር ሆኗል።

ጦርነቱ ያን ሁሉ አስተጓጎለ። ፋብሪካው ለጦሩ የጭነት መኪና ይሠራ ነበር፤ ብረት ሲያልቅ መኪኖቹ ባለአንድ የፊት መብራት እስከ መሆን ደረሱ። ጃፓን እጅ ከመስጠቷ አንድ ቀን በፊት፣ ነሐሴ 14 ቀን 1945፣ ኮሮሞ በቦምብ ተመታ።

ያልጠበቀው ክረምት

ከጦርነቱ በኋላ ኪይቺሮ ሠራተኞቹን ላለማባረር ቃል ገብቶ ነበር። የ1949ኙ የገንዘብ ማጥበቂያ መርሐ ግብር ግን ገበያውን አደረቀው። የተሸጠ መኪና ዕዳው አልተከፈለም፤ ደመወዝ ዘገየ፤ ባንኮች ብድር የሰጡት ሠራተኛ እንዲቀነስ እያስገደዱ ነበር። በ1950 ጸደይ ሠራተኞች አደማ መቱ። ብዙ ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ። ኪይቺሮም ቃሉን ባለመጠበቁ ኃላፊነቱን ወስዶ በሰኔ መጀመሪያ ከፕሬዚዳንትነት ወረደ።

ሃያ ቀን ገደማ ቆይቶ፣ ሰኔ 25 ቀን የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። በቀጣዩ ወር የአሜሪካ ጦር 1,000 የጭነት መኪኖች አዘዘ። ቶዮታ የዳነው ባለቤቱ ከቢሮው በወጣ በሳምንታት ውስጥ ነበር።

በ1951 ኩባንያው ለተጠባባቂ ፖሊስ ጨረታ አንድ ባለአራት ጎማ መኪና ሠራ፤ ቢጄ ይባላል። ሞተሩ ከጭነት መኪና የተወሰደ ባለ3.4 ሊትር ነው። የተለመደው ዝቅተኛ ማርሽ የሚጨምር ሁለተኛ ሳጥን አልነበረውም። ዳገት የሚወጣው በሞተሩ ጉልበትና የጭነት መኪና በሆነው አንደኛ ማርሽ ነበር። የሙከራ ሾፌሩ በዚያ ክረምት መኪናውን የፉጂ ተራራ ስድስተኛ ማረፊያ ድረስ አወጣው። ከዚያ በፊት መኪና እዚያ ደርሶ አያውቅም። የተጠባባቂው ፖሊስ ጨረታ ባይሳካም የገጠር ፖሊስ መኪናውን ተቀበለው።

ለዓመታት የደም ግፊት ያሠቃየው ኪይቺሮ በ1952 ወደ ፕሬዚዳንትነቱ እንዲመለስ ተስማምቶ ነበር። አልደረሰም። መጋቢት 27 ቀን 1952 በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ፤ ዕድሜው 57 ነበር። ሪሳቡሮም በዚያው ዓመት በሰኔ ተከተለው። ቢጄ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው ኪይቺሮ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዶልፊንና አባዱላ የሚባሉት ታክሲዎች፣ በየገጠሩ የሚንከራተቱት ላንድክሩዘሮች የዚያው ቤት ሥራ ናቸው። በሐርጌሳ ደግሞ ታሪኩ የተለየ መልክ አለው። ከተማዋ በ1988 በሲያድ ባሬ ጦር በአየርና በመድፍ ተደብድባ ፈርሳለች፤ በመሃል ከተማ የተሰቀለው ሚግ አውሮፕላን ያን ያስታውሳል። ስትነሳ በበርበራ ወደብ በኩል ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች በዱባይ አድርገው ገቡላት። ጃፓን በግራ ስለምትነዳ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ሐርጌሳ ግን በቀኝ ትነዳለች። ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ ዳር በኩል ነው፤ ከፊት ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ተሳፋሪው መንገዱን አይቶ ይነግረዋል።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱን የሚገዛ ሰው ከሥሩ ሳይገባ የኋላ ጥርሱን ምጣኔ ማወቅ ይችላል። ቶዮታ በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ማዕቀፍ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይለጥፋል። ስለ ካምቢዮና ስለ አክስል በሚናገረው መሥመር ላይ አንድ ፊደልና ቁጥሮች አሉ፤ ፊደሉ የኮሮናውን ስፋት ይገልጻል፣ ቁጥሮቹ ምጣኔውን። ጥርሱ ቀደም ሲል በሌላ እጅ ተቀይሮ ከሆነ ግን ሰሌዳው አያውቅም። ያን ጊዜ መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በኖራ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል።