የማይታዩ ሠራተኞችን ያሰለፈው ኬሚስት፦ ሃይም ቫይዝማን



ጠላ ሲጠመቅ ወይም ሊጥ ሲቦካ ሥራውን የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ሕያዋን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋንን በትልልቅ ፋብሪካዎች ያሠራ ኬሚስት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይም ቫይዝማን በ1874 ሞታል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሞታል ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ናት። አባቱ የእንጨት ነጋዴ ነበር። ልጁ በ11 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለትምህርት ወደ ፒንስክ ሄደ። የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የአይሁድ ተማሪ ቁጥር የተወሰነ ስለነበር በ1892 ወደ ጀርመን ተሻገረ። እዚያም በአዳሪ ትምህርት ቤት እያስተማረ ራሱን ረድቶ ተማረ። በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ዶክተር ሆነ። በ1904 እንግሊዝ አገር ማንችስተር ሲደርስ ቋንቋውን በቅጡ አያውቅም ነበር።

ማንችስተር ሳለ ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት የሚረዳ ቡታኖል የተባለ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር። ብዙ ባክቴሪያዎችን መርምሮ በመጨረሻ በቆሎን ወደ ቡታኖል፣ አሴቶንና አልኮል የሚለውጥ አንድ ዓይነት አገኘ። ይህ ባክቴሪያ የሚሠራው ኦክስጅን በሌለበት ብቻ ነው። ከሚሰጠው ፈሳሽ ከአሥር እጅ ስድስቱ ቡታኖል፣ ሦስቱ አሴቶን፣ አንዱ አልኮል ነው።

አሴቶን የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ኮርዳይት ለተባለው የጥይት ባሩድ መሥሪያ በብርቱ ተፈለገ። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ቫይዝማንን ጠርቶ የአልኮል መጥመቂያዎችን ለዚሁ ሥራ ሰጠው። በ1917 በቆሎ የጫኑ መርከቦች በባሕር ሰርጓጅ እየተመቱ ሲሰምጡ የእንግሊዝ ተማሪዎች ሆርስ ቸስትነት የተባለ ሰው የማይበላው የዛፍ ፍሬ እንዲለቅሙ ታዘዙ። ምን እንደሚሠራበት ግን አልተነገራቸውም። ወደ 3000 ቶን የሚሆነው ፋብሪካ ደረሰ፤ ብዙው በየባቡር ጣቢያው በሰበሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ቡታኖል ለመኪና ቀለም ተፈላጊ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በቴር ሆት ከተማ ትልቅ ፋብሪካ በቫይዝማን ዘዴ ይሠራ ነበር። በ1923 ግን ሥራው ተዳከመ። በቆሎው ያው ነው፤ ጋኑም ያው ነው፤ ባክቴሪያው ግን ሥራውን አጓተተ። ሲመረመር ባክቴሪያውም ታሞ ተገኘ! ባክቴሪያን የሚያጠቃ ባክቴሪዮፋጅ የሚባል ቫይረስ አለ። ይህ ቫይረስ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣና ሌላውን ይይዛል።

ባለሙያዎቹ ሥራውን አልተዉም። ጋኑንና ቧንቧውን በእንፋሎት እየቀቀሉ አጸዱ። ከበሽታው የተረፉትን ባክቴሪያዎች ለይተው አራቡ፤ ዘራቸውም ያንን ቫይረስ የሚቋቋም ሆነ። ሌላ ቫይረስ በመጣ ቁጥር ይህንኑ መድገም ግድ ነበር።

በ1979 ደግሞ ተመራማሪዎች ሌላ ጉድ ጻፉ። ይኸው ባክቴሪያ ባክቴሪዮሲን የሚባል ፕሮቲን ያወጣል፤ ፕሮቲኑም የራሱን ወገኖች አካል ያሟሟል። ጠላት የሚመጣው ከውጭ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቫይዝማን የጽዮናዊው እንቅስቃሴ መሪ ነበር፤ በ1949 የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1952 አረፈ። ከዚያ በፊት ግን ከባድ ሐዘን ደርሶበታል። አብራሪ የነበረው ልጁ ሚካኤል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 ከነአውሮፕላኑ ጠፍቶ ቀረ። አባቱ ለጎማ ብሎ የጀመረው ጥናት ለጥይት ውሏል፤ ልጁን የበላውም ጦርነት ነው። ዕውቀት ለምን እንደሚውል የሚወስነው ሰው ነው።

ልጆች! ዓይን የማያየው ነገር ትልቁን ፋብሪካ እንዳዳከመ አይታችኋል። በጀሪካን የምንቀዳው ውኃ ጥርት ያለ ቢመስልም በውስጡ በሽታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ጀሪካኑንም እጠቡ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከትምህርት አታስቀሩ። ቫይዝማንም የተማረው በሰው አገር ነው።

ለመወያያ፦
1. ባክቴሪዮፋጅና ባክቴሪዮሲን በምን ይለያያሉ?
2. የቴር ሆት ሠራተኞች ከበሽታው የተረፉትን ባክቴሪያዎች ለምን መረጡ?