ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፤ ዜማን ከጆሮ ወደ ወረቀት

ከእጩ መምህራኑ መካከል ቤዝ ጊታር የሚለማመዱ አሉ። ማታ ማታ ከመኝታ ቤቱ በስተጀርባ የሚሰማው ጉርምርምታ የእነሱ ነው። የፈረንጆቹን ሄቪ ሮክ የሚያጠኑት ታብ በሚባለው ወረቀት ነው። አራት መስመር ይሰመራል፣ በመስመሩ ላይ ቁጥር ይጻፋል። መስመሩ ክሩን፣ ቁጥሩ ጣት የሚያርፍበትን ፍሬት ያመለክታል። ቀላል ነገር ነው፤ ኖታ ያልተማረም ቶሎ ይገባዋል። ግን ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ታቡ ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ዘፈኑን አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው በቁጥሩ ብቻ የትም አይደርስም። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ምልክትም እኮ እንዲሁ ነው፤ ከቃሉ በላይ ተጽፎ የሚያገለግለው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለተቀበለ ሰው ነው።

በዚህ በጆሮና በወረቀት መካከል ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ መምህር ነበሩ። በዛሬው ጽሑፋችን ሕይወታቸውን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ትባላለች፤ በቱርክ ውስጥ ናት። ዓመቱን ልብ በሉልን። አርመኖች በኦቶማን መንግሥት የተጨፈጨፉበትና ከአገራቸው የተነቀሉበት ጊዜ ነው። ሕፃኑ ያደገው በስደት፣ በሶርያ ከተማ በሐለብ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መንገዱን የጠረጉላቸው አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን በጭፍጨፋው ያጡ አርባ የአርመን ልጆች በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ሆኑ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን፣ ንጉሡ በ1974 እስከ ወረዱ ድረስ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር የደረሱትም እሳቸው ናቸው።

ወንድም ልጅየው የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን መሩ፤ ኳየር አሰለጠኑ፤ ተማሪ አስተማሩ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ሲከፈት ብዙም ሳይቆዩ ወደዚያው ተዛወሩ። ትልቁ ፈተና እዚያ ጠበቃቸው። የአገሩን ዘፈን ለትልቅ ኦርኬስትራ መጻፍ ነበረባቸው።

ምኑ ነው ፈተናው? አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ይከተላል። ክራሩም እንዲሁ። ከዜማው ሥር ሌላ ድምፅ ለብቻው የሚሄድበት ልማድ የለም። በኦርኬስትራ ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ወረቀት ይጻፍለታል፤ ሁሉም አንዱን ዜማ ቢነፋ ያ ሁሉ ሰው ለምን ተሰበሰበ?

ቤዝ ተጫዋቾቻችን ይህን በጣታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ናቸው። በላ ክር ላይ 3 እና 5፣ በሬ ክር ላይ 2 እና 5፣ በሶል ክር ላይ 2 ይጫኑ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይወጣል። ይኸውላችሁ ትዝታ! እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ብትጫወቷቸው ደግሞ አብዛኛው ሄቪ ሮክ የሚሽከረከርበትን ስኬል ታገኛላችሁ። እንግዲህ ፋ እና ሲ የሉም። ሀርሞኒውን በፈረንጅ ደንብ እንሙላው ብንል ሁለቱ ሾልከው ይገባሉ፤ ትዝታውም ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አንቺሆዬማ ጭራሽ የባሰ ነው። ሙሴ ነርሲስ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ላይ የቅኝቱ ጠረን ሳይጠፋ ለብዙ መሣሪያ የሚከፋፈል ሥራ ለመጻፍ ዓመታት ደክመዋል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ዘፋኙን ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ነው። በእኛ አስተያየት ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው። ኖታ ማንበብ የሚያስተምር ሰው ሌላም ይገኝ ነበር።

ለጅማ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አለማየሁ እሸቴ በ1941፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ሙላቱ ባሕር ማዶ ተምሮ አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ጋር ሲያዋህድ፣ አለማየሁም በፖሊስ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ሲዘፍን፣ ከወረቀት የሚያነብ የሙዚቀኛ ትውልድ በከተማው ነበር። ያ ትውልድ እንዲያው ከሰማይ አልወረደም።

ከመካከላችን ነገ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ጌራ የሚመደብ አለ። በቡና ለቀማ ወቅት ክፍሉ ባዶ የሚሆንበት፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሌለበት ትምህርት ቤት ይደርሰው ይሆናል። አምስቱን ድምፅ በቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፎ በድምፁ ማዘመር ግን ከጠመኔ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡትን ዘፈን መጀመሪያ ቢያዳምጥ ደግሞ መልካም ነው።

ሙሴ ነርሲስ የዛሬውን ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመመሥረት ከደከሙት አንዱ ነበሩ። ይህን ሁሉ የሠሩ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኙት ከገቡ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑ ያስገርማል፤ እኛንስ ትንሽ ያሳፍረናል። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ስለ አፍሪካ መዝሙር ደርሰዋል። በ1977 አረፉ። በእጃቸው የጻፏቸው ኖታዎች ግን አልጠፉም፤ አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ ጓድ፣ ሙሴ ነርሲስን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ከዚያው ወረቀት እያነበበ ሥራዎቻቸውን ተጫውቷል።