ቻርልስ ዳርዊንና የጋላፓጎስ እንሽላሊቶች

የቻርልስ ዳርዊን ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ነጭ ጢሙ የወረደውን ሽማግሌ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የሃያ ስድስት ዓመቱን ወጣት ነው። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርዊን በ1809 በእንግሊዝ አገር በሽሩዝበሪ ተወለደ። ሐኪም የነበረው አባቱ ሕክምና እንዲማር ወደ ኤዲንብራ ቢልከው ቀዶ ሕክምና ማየት አልቻለም፤ ለቅስና ወደ ካምብሪጅ ቢልከው ልቡ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ጥንዚዛ ወደ መሰብሰብ አዘነበለ። በ1831 ቢግል በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ከአገሩ ወጣ።

መርከቢቱ በ1835 ከኤኳዶር ጠረፍ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች ደረሰች። በጥቁሩ ዓለት ላይ ጥቋቁር እንሽላሊቶች ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዳርዊን ሆዳቸውን ቀዶ ቢመረምር የባሕር ሣር አገኘ። ጅራታቸው ለዋና እንዲመች ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ ነው። በየብስ የሚኖረው ዘመዳቸው ግን ቢጫማ ሆኖ ቁልቋል ይበላል። ዳርዊን አንዱን የባሕር እንሽላሊት ይዞ ደጋግሞ ወደ ውኃ ቢወረውረው፣ እንስሳው ሁልጊዜ እየዋኘ እርሱ ወደ ቆመበት ዓለት ይመለሳል። (ይህን ያየ መርከበኛ ምን ብሎ ይሆን?) ዳርዊንም ነገሩን ሲያስበው፣ እንሽላሊቱ በየብስ ጠላት ስለሌለው፣ በባሕር ግን ሻርክ ስለሚበላው፣ የብሱን መሸሸጊያ አድርጎታል አለ።

ታላቁን ስሕተት የሠራው ግን እዚያው ነው። የደሴቶቹ ምክትል ገዥ ኤሊን በልብሷ አይቶ ከየትኛው ደሴት እንደ መጣች ማወቅ እንደሚችል ቢነግረው ዳርዊን ልብ አላለውም፤ ከሁለት ደሴቶች የሰበሰበውንም በከፊል ደባልቆት ነበር። በ1837 በለንደን የወፍ ሊቁ ጆን ጉልድ ከየደሴቱ የመጡት አንዳንድ ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ሲያረጋግጥ፣ ዳርዊን የጐደለውን ለመሙላት የጉዞ ጓደኞቹን ስብስብ መለመን ግድ ሆነበት። እንሽላሊቶቹም እንደዚሁ ናቸው። ዛሬ እንደሚታወቀው የባሕሩ እንሽላሊት በጄኖቬሳ ደሴት አንድ ኪሎ ያህል ሲመዝን በኢዛቤላ እስከ 12 ኪሎ ይደርሳል። የባሕር ሣር በሚጠፋበት የኤል ኒኞ ዘመን ደግሞ ቁመቱ እስከ 20 በመቶ እንደሚያጥር በ2000 ታትሟል።

ዳርዊን ሐሳቡን ሃያ ዓመት ያህል ሳያሳትም ያዘው። በ1858 አልፍሬድ ዋላስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ያንኑ ሐሳብ ከእስያ ደሴቶች ጽፎ ላከለት። የሁለቱም ጽሑፍ ጁላይ 1 ቀን በለንደን በሊኔያን ማኅበር ፊት ሲነበብ ዳርዊን አልተገኘም፤ ሕፃን ልጁ ሞቶበት ነበር። ሊቀ መንበሩ ቶማስ ቤል፣ ያንን የባሕር እንሽላሊት በ1825 ስም ያወጣለት ሰው፣ የዓመቱን ሥራ ሲገመግም ይህን ያህል የሚደነቅ ግኝት አልታየም ብሎ አለፈው። በዚያው ዓመት በ1859 የዳርዊን መጽሐፍ 1250 ቅጂ ታትሞ ወጣ።