የማሞ ወልዴ መነሻ ዓመት

አሰላ ላይ ሰው የሚለካው በወርቅ ነው። ኃይሌ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ደግሞ ከበቆጂ ናቸው። እኔም በኢኮኖሚክስ እንደተመረቅኩ ስልኬ ላይ ትልልቅ ግብ ጻፍኩ፦ በአንድ ዓመት ሥራ፣ በሁለት ዓመት የራሴ ገቢ ያለው ቢዝነስ። ዓመቱ አለቀ፣ ሥራ የለም። አብረውኝ የተመረቁት ቢሮ ውስጥ የተነሱትን ፎቶ ሲለጥፉ አየሁና ዕቅዱን አጠፋሁት።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሻምበል ማሞ ወልዴ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሞ በ1932 ድሬ ጂሌ ተወለደ፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ በ800፣ በ1,500 እና በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ሮጠ። በሦስቱም ከማጣሪያ አላለፈም። በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ ማሞ እዚያ አልነበረም። ያኔ ራሱን በአበበ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ጫማውን መስቀል ነበረበት።

እሱ ግን ርቀቱን ቀየረ። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋረጠ። አበበ ደግሞ እንደገና ወርቅ ወሰደ።

1968፣ ሜክሲኮ ሲቲ። ከተማዋ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ለብዙዎች ከበደ፣ ለእኛ አገር ደገኛ ግን የለመደው ነው። በ10,000 ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ0.6 ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ከሳምንት በኋላ በማራቶኑ አበበ ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲወጣ፣ ማሞ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2:20:26 ገባ። ዕድሜው 36 ነበር። በ1972 ሙኒክ ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ።

የመጨረሻ ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ ለዓመታት ታሰረ፤ በ2002 ተፈትቶ በዚያው ዓመት አረፈ። ሜዳው ላይ የሠራው ግን ቁጥሩ ተመዝግቦ አለ።

እኛ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ዕድገት ስንለካ መጀመሪያ መነሻ ዓመት እንመርጣለን፤ ያለ መነሻ ዓመት ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የእኔ ስህተት የሌላ ሰው መድረሻ ላይ ቆሜ የራሴን መነሻ መፍረዴ ነው። የማሞ መነሻ ሮም ሳትሆን ሜልቦርን ናት። ከዚያ ከቆጠርክ፣ ቶኪዮ ላይ አራተኛ መውጣት ሽንፈት አይደለም፣ ትልቅ እርምጃ ነው።

አሁን ስልኬ ላይ በየወሩ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ስንት ማመልከቻ አስገባሁ፣ ስንት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ፣ ምን አዲስ ነገር ቻልኩ። የመጀመሪያው ወር ሁለት ማመልከቻ፣ ዜሮ ጥሪ ነበር። ያለፈው ወር ዘጠኝ ማመልከቻ፣ አንድ ጥሪ። ሥራውን አላገኘሁትም። ግን ዕቅዱን አላጠፋሁትም። አንተስ፣ አንቺስ፣ መነሻ ዓመታችሁ የቱ ነው?