ኤራስሙስ ዘሮተርዳምና የልጆች የጨዋነት መጽሐፍ

በሊቅነታቸው ስማቸው ከሚነሣ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ካህናት አንዱ ኤራስሙስ ዘሮተርዳም ናቸው። ሊቃውንት ይበልጥ የሚያስታውሷቸው በ1516 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ በማሳተማቸው ነው። ይሁን እንጂ በሕይወታቸው ማምሻ ለልጆች የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ ወደ ብዙ ቤትና ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ስሙንም ለአንድ የኅትመት ፊደል አውርሷል።

ኤራስሙስ በ1466 ገደማ በሆላንድ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በምሥጢረ ተክሊል የተጋቡ አልነበሩም፤ ሁለቱም በልጃቸው የወጣትነት ዘመን በወረርሽኝ ሞቱ። ኤራስሙስ በስቴይን ወደሚገኘው የአውጉስጢኖሳውያን ገዳም ገብተው በ1492 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። የሚመኩበት የዘር ክብርም ሆነ ርስት ስላልነበራቸው ሀብታቸው ትምህርት ብቻ ነበር።

ይህን ሀብት ለሌሎች ያካፈሉት በማተሚያ ቤት አማካይነት ነው። በ1508 በቬኒስ በአልዱስ ማኑቲዩስ ቤት ተቀምጠው እርሳቸው ሲጽፉ ሠራተኞቹ ፊደል እየለቀሙ ያትሙ ነበር። በኋላም በባዝል ከአታሚው ከዮሐን ፍሮበን ጋር ለብዙ ዓመታት ሠሩ። በ1529 የባዝል ከተማ መሥዋዕተ ቅዳሴን በከለከለ ጊዜ ግን ወደ ፍራይቡርግ ተሰደዱ።

ስለ ልጆች መልካም ጠባይ የሚናገረው መጽሐፍ በ1530 በላቲን ቋንቋ ከባዝሉ የፍሮበን ማተሚያ ቤት ወጣ። የተበረከተው ለአንድ መስፍን ልጅ ለሄንሪ ዘቡርጎኝ ሲሆን፣ በሰባት ምዕራፍ ስለ ሰውነት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ማዕድ፣ ከሰው ጋር ስለ መገናኘት፣ ስለ ጨዋታና ስለ መኝታ ያስተምራል። ልጁ አፍንጫውን በእጅጌው ሳይሆን በመሐረብ እንዲጠርግ፣ በማዕድም ከሁሉ ቀድሞ እጁን ወደ ወጭቱ እንዳይሰድ ይመክራል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስቶስ ከአእላፍ መላእክት ጋር በዚያ እንዳለ አስቦ በአክብሮት እንዲቆም ያሳስባል።

ሆኖም ኤራስሙስ ጨዋነትን ከሁሉ አላስቀደሙም። በልጅ አስተዳደግ አንደኛው በለጋ ልቡ እግዚአብሔርን መፍራት መዝራት ነው፤ ቀጥሎ የትምህርት ፍቅር፣ ከዚያም የኑሮ ግዴታ፣ በመጨረሻ መልካም ጠባይ ይመጣል። ማንም ወላጁንና አገሩን መርጦ እንደማይወለድ፣ ጠባዩን ማነጽ ግን ለሁሉም እንደሚቻለው አስተማሩ። ከጨዋነት ሁሉ የሚበልጠውም ራስ ሳይሳሳቱ የሌላውን ስሕተት በቀላሉ ማለፍ፣ ጠባዩ ያልቀናውንም ጓደኛ ባለመናቅ መውደድ ነው አሉ።

ኤራስሙስ በ1536 በባዝል ዐረፉ። በ1557 ሮቤር ግራንዦን የተባለ ፈረንሳዊ ፊደል ቀራጭ በሊዮን ከተማ የዘመኑን የእጅ ጽሕፈት የሚመስል የኅትመት ፊደል አወጣ። በዚህ ፊደል የታተመ የጨዋነት መጽሐፍ የያዘ ልጅ ጠባይን ሲማር የእጅ ጽሕፈት ማንበብንም አብሮ ይለማመድ ነበር። ስለዚህም ፊደሉ «ሲቪሊቴ»፣ ማለትም የጨዋነት ፊደል፣ ተባለ።

በ1559 የኤራስሙስ ሥራዎች ከተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ቢገቡም የልጆች ጨዋነት ትምህርት አልተቋረጠም። የመምህራን ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ዴ ላ ሳል በ1703 ስለ ክርስቲያናዊ ጨዋነት የራሱን መጽሐፍ አወጣ። በወንድሞቹ ትምህርት ቤቶችም የድሃ ልጆች፣ ማንበብ ከጠነከሩ በኋላ፣ ይህን መጽሐፍ በዚያው አስቸጋሪ ፊደል ያነቡት ነበር። ለመስፍን ልጅ የተበረከተው ትምህርት እንዲህ ወደ አናጢውና ወደ ሸማኔው ልጅ ደረሰ።

ውድ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ ከአንድ ዓይነት ቤት አይመጡም። አንዱ ሰላምታን ከእናቱ ተምሮ ይመጣል፤ ሌላው የሚያስተምረው አላገኘም። በወጣትነታቸው ወላጆቻቸውን ያጡት ካህን የጻፉት መጽሐፍ ይህን ሁለተኛውን ልጅ ሳንንቅ በትዕግሥት እንድናስተምረው ያሳስበናል። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።