በላይ ዘለቀ፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ስቅላት

የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ግዛቱ ማድረጉን በሮም አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ሀገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ደርቦ በስድስት ግዛቶች ከፈላት። ጎጃም መቀመጫው ጎንደር በሆነው የአማራ ግዛት ሥር ሲገባ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው ወለጋ ከጅማ በሚታዘዝ ሌላ ግዛት ሥር ዋለ። የጎጃምና የጉዱሩ ነጋዴዎች ወደ ጥንታዊው የየጁቤ ገበያ አሞሌና ቡና ይዘው ሲሻገሩት የኖሩት ወንዝ የግዛት ድንበር ሆነ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም የወጣው ሕግም ጣሊያናዊ ዜጋ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እስራት ደነገገ። ኢትዮጵያዊው በገዛ ሀገሩ ዜግነቱን ተነጥቆ ተገዥ ተባለ።

ይህን ሥርዓት በምሥራቅ ጎጃም ከተፋለሙት አርበኞች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በላይ ዘለቀ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የጎጃም፣ እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ የወሎ ቦረና ሰው ነበሩ። በዓባይ ግራና ቀኝ ዘመድ ላለው ሰው የሮም ካርታ ትርጉም አልነበረውም። አባቱ የልጅ ኢያሱ ወታደር እንደነበሩና ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ወደ ቢቸና ተመልሰው በመንግሥት ሰዎች እጅ እንደተገደሉ ይነገራል። በላይ በዚህ ቂም ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር ሸፈተ። ወረራው ሲመጣ ግን ሽፍታው አርበኛ ሆነ።

ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከዓባይ በረሃ እስከ ወሎ ቦረና ጠላትን ዕረፍት ነሳ። ስንቁን የሚያቀብለው ገበሬው ነበር። ተከታዮቹን ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ሲሾም ለራሱ ማዕረግ አልፈለገም፤ በላይ የሚለው ስሙ ከሹመት ሁሉ በላይ እንደሆነ ያምን ነበር።

በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን አገኘ። የጎጃም ጠቅላይ ገዥነት ግን ለራስ ኃይሉ በለው ተሰጠ። ቅሬታው ወደ ግጭት አመራ፤ የመንግሥት ጦር ዘመተበት፤ በመጨረሻም እጁን ሰጠ። የተፈረደበት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦለት ነበር። ከእስር ለማምለጥ ሞክሮ በመያዙ ግን በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከወንድሙ ጋር ተሰቀለ። ባዕዱ ተገዥ ሊያደርገው ሲፈልግ እምቢ ያለውን ሰው፣ የተዋጋለት መንግሥት ዐመፀኛ ብሎ ቀጣው።

ይህ ዕጣ በእርሱ አላበቃም። በ1960 ዓ.ም የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሲቃወሙ እነርሱም ዐመፀኞች ተባሉ፤ የሀገራቸው የጦር አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው። ኋላ ላይ ግን ውዝፉ ግብር ተሰረዘላቸው።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያና በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ጎዳና በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራሉ። መንግሥታት ወገንና ባዕድ የሚሉት ሰው ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ፣ ስንቅ ያቀበለው ገበሬ ግን በላይን የራሱ ልጅ ማለቱን ለአንድም ቀን አላቋረጠም።