ፍሬን የሌለው ውሻዬና ፓቭሎቭ

ውሻዬ ቦቢ ይባላል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጠባዩ ግን ገና የቡችላ ነው። በር ከተንኳኳ ያብዳል። እንግዳ ከገባ ደረት ላይ ይወጣል። የምግብ ሳህኑ ኮሽ ካለማ ግቢውን ሦስት ጊዜ ሳይዞር አይቆምም።

ከጥቂት ወራት በፊት ስልኬን ስነካካ የውሾች የመሰናክል ዝላይ ውድድር ቪዲዮ ገጠመኝ። ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በሚባለው ትልቅ የውሾች ትርዒት ላይ ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከፈረስ ዝላይ ነው። ውሻው መነሻው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሲፈቀድለት ይፈተለካል፤ እንጨቱን ሳይነካ ይዘላል። ይኼ ለቦቢ የተፈጠረ ጨዋታ ነው አልኩ። ሁለት ብሎኬት አቁሜ የመወልወያ እንጨት አጋደምኩበት።

ዝላዩን በአንድ ቀን ለመደው። ያቃተው ከዝላዩ በፊት መቆም ነው። እንጨቱን ገና ከቤት ሳወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። ሂድ ሳልለው ይወረወርና በደረቱ ገጭቶ ይጥለዋል። ከዚያ ሱሪዬን ነክሶ ይጎትታል። እኔ እጮሃለሁ፤ እሱ ይብስበታል። በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና በዚያው እንጨት መታሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን እኔን ሲያይ ብሎኬቱ ሥር ይሸጎጥ ነበር። አከራዬ ደግሞ በጩኸቱ ተማረው ወይ ውሻው ይውጣ ወይ አንተ ውጣ ብለውኛል።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ውሻ ጠባይ ማንበብ ጀመርኩ። ከየትም ብነሳ መጨረሻዬ አንድ ሰው ጋ ሆነ፤ ኢቫን ፓቭሎቭ። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ደብተራችን እናውቀዋለን። ደወል ይደወላል፣ የውሻው ምራቅ ይወርዳል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ አለቀ። የሰውዬው ሕይወት ግን ከደወሉ በጣም ይሰፋል። ስለ ቦቢም፣ ስለ ራሴም የነገረኝ ነገር አለ።

ፓቭሎቭ በ1849 ከሞስኮ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሪያዛን ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ እሱም የቤቱ የበኩር ልጅ። ትንሽ ልጅ ሳለ ከከፍታ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤት የገባው 11 ዓመት ሲሆነው ነው። እንደ አባቱ ቄስ እንዲሆን ሴሚናሪ ገባ። እዚያ እያለ ግን ሴቼኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ስለ አንጎል የጻፈው መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉ የሰው ሐሳብና ጠባይ እንደ ማንኛውም የሰውነት ሥራ ሊጠና ይችላል ይል ነበር። ልጁ ልቡ ሸፈተ። በ1870 ሴሚናሪውን ትቶ ተፈጥሮ ሳይንስ ሊማር ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም የችግር ዘመን ነው። በ1881 ሴራፊማ የምትባል መምህርት አገባ። ትዳራቸው በድህነት ተጀመረ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውም በሕፃንነቱ ሞተባቸው። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ ጀርመን ሄዶ ተጨማሪ ተምሮ፣ የፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው በ1890 በ40 ዓመቱ ነው። በ25 ዓመታችን ሕይወት አመለጠችን የምንል ሰዎች ይህችን ልብ እንበል።

በቀጣዩ ዓመት በሴንት ፒተርስበርጉ የሙከራ ሕክምና ተቋም የፊዚዮሎጂ ክፍል እንዲያደራጅ ተጠራ። ያን ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች እንስሳውን አደንዝዘው፣ ከፍተው፣ አይተው ይጨርሱ ነበር። ፓቭሎቭ ውሻው ከቀዶ ጥገናው አገግሞ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ እየበላ እንዲጠና ፈለገ። በጨጓራው ወይም በምራቅ ዕጢው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያበጅና ፈሳሹን በትቦ ይቀበላል። ከነዚህ ውሾች አንዱ ድሩዦክ ይባላል፤ ወዳጄ እንደ ማለት ነው። ከውሾቹ የሚገኘው የጨጓራ ፈሳሽ ምግብ አልፈጭ ላላቸው ሰዎች መድኃኒት ተብሎ ይሸጥ ስለነበር ላቦራቶሪው ገንዘብም ያገኝበት ነበር። በ1904 ፓቭሎቭ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ከሩሲያ የመጀመሪያው ነው። ብዙዎቻችን ሽልማቱ ለዚያ ለደወሉ ይመስለናል። የተሸለመው ግን ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ በማጥናቱ ነው።

ያንን ሥራ ሲሠራ አንድ ነገር ያስቸግረው ነበር። ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ፣ የሚያበላቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው ይፈስሳል። ሌላው ሰው የሙከራ እንከን ነው ብሎ ባለፈው ነበር። ፓቭሎቭ የቀረውን ዕድሜውን ሰጠው። ደወሉም ቢሆን ዝነኛ ሆነ እንጂ እሱ የሚያዘወትረው ሜትሮኖምን፣ የሙዚቃ ተማሪ ምት የሚቆጥርበትን ቀጭ ቀጭ ባይ መሣሪያ ነበር። መብራትና የቆዳ ንክኪም ይጠቀም ነበር።

እኔን ከአልጋዬ ያስነሳኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ምልክቱ ደጋግሞ ተሰምቶ ምግብ ካልተከተለው የውሻው ምራቅ ይቆማል። ረሳው ማለት ነው ብላችሁ ይሆናል። ፓቭሎቭ ውሻውን ትንሽ አሳርፎ እንደገና ሲሞክረው ምራቁ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ውሻው አልረሳም፤ ራሱን ገትቶ ነበር። ለፓቭሎቭ አንጎል ውስጥ ሁለት ኃይሎች አሉ፤ አንዱ የሚያነሳሳ፣ ሌላው የሚገታ። በእኛ ቋንቋ ነዳጅና ፍሬን በሉት። ፍሬን መያዝ እንደ መሮጥ ሁሉ ሥራ ነው፤ ያደክማል፤ በልምምድም ይጠነክራል።

ይህንን ለማየት ውሾቹን መጠበቅ አስተማራቸው። ምልክቱ ከተሰማ በኋላ ምግቡ ወዲያው ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይመጣል። ጊዜው የሚራዘመው ቀስ በቀስ ነው። ሲለምዱት መጀመሪያ ላይ ጸጥ ይላሉ፤ ምራቁ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። በዚያ ጥበቃ መሃል እንግዳ ድምፅ ከተሰማ ግን ፍሬኑ ይለቅቅና ምራቁ ያለ ጊዜው ይወርዳል። ቦቢን ቁም ብዬ ስጮህበት እኔ ራሴ ያ እንግዳ ድምፅ መሆኔን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ሼንገር-ክረስቶቭኒኮቫ የተባለች የላቦራቶሪው ተመራማሪ የሠራችው ሙከራ ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። ውሻው ክብ ሲያይ ምግብ ያገኛል፤ ሞላላ ሲያይ አያገኝም። ልዩነቱን በደንብ ለየ። ከዚያ ሞላላው ቀስ በቀስ ወደ ክብ እንዲጠጋ ተደረገ። ልዩነቱ እጅግ ሲጠብብ የተረጋጋው ውሻ መጮህና መወራጨት ጀመረ፤ ዕቃውን በጥርሱ ቦጫጨቀ። ቀድሞ በቀላሉ ይለየው የነበረውንም አጣው። ማንም አልመታውም። ከአቅሙ በላይ ተጠየቀ፤ በቃ። በመጀመሪያው ቀን እንጨቱን እስከ ጉልበቴ ከፍ አድርጌ፣ ጎረቤት ልጆች ሰብስቤ፣ ሥጋ በእጄ ይዤ ቦቢን ቁጭ በል ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ፓቭሎቭ ራሱ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ውሻ ቢሆን ኖሮ ከቦቢ ጋር ይመደብ ነበር። ቁጡ ነው። ቀዶ ጥገና ላይ ረዳቶቹ ላይ ይጮሃል፣ ይሳደባል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ጎሮድኪ የሚባለውን፣ ዱላ ወርውሮ የተደረደሩ እንጨቶችን የመጣል ጨዋታ ሲጫወት እንደ ሕፃን ይጋልበት ነበር። ይህን ሁሉ እሳት የያዘለት የሰዓት አጠባበቁ ነው። የሚነሳበት፣ የሚሠራበት፣ በእግሩ የሚሄድበት፣ የሚያርፍበት ሰዓት የተወሰነ ነበር። በጋ ሲመጣ ከላቦራቶሪው ርቆ አትክልት ይኮተኩታል። ቁጣው እስከ እርጅናው አልለቀቀውም፤ ሕይወቱን ግን አልነዳውም።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ረሃብ መጣ። የላቦራቶሪው ውሾች በረሃብ አለቁ። የኖቤል ገንዘቡ ጠፋ። በ1919 ልጁ ቪክቶር በተስቦ ሞተ። ሽማግሌው በተቋሙ ግቢ ጎመንና ድንች ተክሎ ቤተሰቡን ይመግብ ነበር። በ1920 አገር ለቅቆ ልሂድ ብሎ መንግሥትን ጠየቀ። ሌኒን በጥር 1921 ባወጣው ልዩ ትእዛዝ ለምርምሩና ለኑሮው የሚያስፈልገው እንዲሟላለት አደረገ። ፓቭሎቭ ለባልደረቦቹ የማይሰጥ ተጨማሪ ራሽን አልፈልግም አለ። በ1924 የቄስ ልጆች ከወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ሲባረሩ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ ብሎ ከወንበሩ ለቀቀ። ሃይማኖቱን የተወው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ለሌሎች ሲሆን ግን ዝም አላለም።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሌኒንግራድን ጎርፍ መታት። ውሃው የውሾቹን ቤት ሞላው። ሠራተኞቹ ደርሰው ውሾቹን እየጎተቱ አወጧቸው፤ በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ጭንቅላታቸው ውሃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ፍርሃት ፈሩ። ከጎርፉ በኋላ ግን አንዳንዱ እንደ ድሮው ሲሆን፣ ሌላው የተማረውን ሁሉ አጣ። ከእነሱ አንዱ በብዙ ትዕግሥት ካገገመ በኋላ ጥቂት ውሃ በበሩ ሥር ሲፈስስ ቢያይ መልሶ ታወከ።

ፓቭሎቭ ከዚህ በኋላ ስለ ጠባይ ልዩነት አብዝቶ መረመረ። ውሾቹን በአራት መደባቸው፤ ሁለቱ ኃይሎች ተመጣጥነውለት ንቁ የሆነ፣ ተመጣጥነውለት ዝግተኛ የሆነ፣ ሁለቱም የደከሙበት ፈሪ፣ እና ነዳጁ ከፍሬኑ የበለጠበት ቁጡ። ስለ መጨረሻው የደረሰበት ነገር ተስፋ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ውሻ የተበላሸ ውሻ አይደለም፤ ኃይለኛ ነው። የሚጎድለው ፍሬን በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይሰበራል፤ በዝግታ፣ ጥቂት በጥቂት ሲለማመድ ግን ያድጋል።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው በውሾች ሥቃይ ነው። በቀዶ ጥገናው ብዙዎቹ ሞተዋል። የቀሩትም ብዙ ጊዜ በማሰሪያ ቆመው አሳልፈዋል። ፓቭሎቭ ይህን ዕዳ የረሳው አይመስለኝም። በ1935 በሙከራ ሕክምና ተቋሙ ግቢ ለውሻ ሐውልት አቆመ። ዛሬም እዚያው ቆሟል። እሱ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ በሳንባ ምች ሞተ፤ 86 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሥራ ላይ ነበር።

እኔና ቦቢስ? እንጨቱን መሬት ላይ አወረድኩት። ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀን እንጀምራለን። አራት እግሩ መሬት ከነካ ቁራሽ ዳቦ ያገኛል። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት። መንቀጥቀጥ ከጀመረ እርቃለሁ እንጂ አልጮህም። አምስት ደቂቃ ሲሞላ፣ ገና ደስ እያለው እናቆማለን። የልምምዳችንም ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ይህቺን ከሽማግሌው ወሰድኳት። በጣም ከባዱ የእኔን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከውሻው ይልቅ የሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ትናንት እንጨቱን በአንድ ጡብ ከፍታ አድርጌ ቁጭ በል አልኩት። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ሂድ ስለው እንጨቱን ሳይነካ ዘለለ። ወዲያው ግን የውጭው በር ተንኳኳና እንደ ልማዱ አበደ። የመጡት አከራዬ ናቸው። ጩኸቱ ቀንሷል፣ እስከ መስከረም እንይ ብለውኛል። ከመታሁት ቀን ጀምሮ የመወልወያውን እንጨት ሳነሳ ጆሮውን ያጥፍ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያጥፋል። ያኛው ከዝላዩ የበለጠ ጊዜ ሳይፈጅ አይቀርም።